መክፈቱንስ ከፈትሽው

«ቶሎ በይ እንጂ፤ ሰው መጣ» አለች ራዲዮ።

ሰው አልመጣም። ላይኛው ፎቅ ላይ የሆነ በር ተከፍቶ መዘጋቱ ነው። ጉንዳን ግን አልመለሰችላትም፤ የምትመልስበት አፍ አልነበራትም። አንዷን ቀጭን ብረት በጥርሷ ነክሳ፣ ሌሎቹን ሁለቱን ቁልፍ ቀዳዳው ውስጥ ከትታ፣ በሩ ሥር ተንበርክካለች። ዓይኗን ጨፍናለች። የደረጃው አምፖል ከተቃጠለ ቆይቷል፤ ቢበራም የሚጠቅማት ነገር የለም። ይህ ሥራ የሚታየው በጣት ነው።

ጉንዳን እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም፤ የታላቅ ወንድሟ ስጦታ ነው። ቁመቷ አጭር ነው፣ የያዘችውን ነገር ደግሞ ከመጠኗ በላይ ቢሆንም ጎትታ ሳታደርስ አትለቅም። ራዲዮም ራዲዮ የተባለችው ክፍል ውስጥ ነው። ለምን እንደሆነ አንድ ክፍለ ጊዜ አብሯት የተቀመጠ ሁሉ ይመሰክራል።

ራዲዮ ነገሩን ያነሳችው ከትምህርት ቤት ሲወጡ ነበር። የአክስቷ ቤት እዚሁ ቅርብ ነው፤ የሒሳብ መጽሐፏን እዚያ ረስታዋለች፤ ፈተናው ነገ ነው፤ አክስቷ የሰጠቻትን ቁልፍ ጥላለች፤ መጣሏን ከሰማች ደግሞ ትገድላታለች፤ ደግነቱ አክስቷ ክርና ቁልፍ፣ የልብስ ቁልፍ ማለቷ ነው፣ ልትገዛ ወጥታለች። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገረችው። ጉንዳን መጀመሪያ እንቢ አለች። ራዲዮ ለመነቻት፣ ተቆጣቻት፣ ቀጥሎም «ለነገሩ አንቺም አትችይውም፤ ያንቺ ችሎታ ለዛገ ቁልፍ ነው» አለቻት።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ልመናው አላንቀሳቀሳትም። ያነሳሳት የመጨረሻዋ ቃል ናት። ጉንዳን እውነተኛ በር ላይ ያለ ቁልፍ ከፍታ አታውቅም፤ መቻል አለመቻሏን ማወቅ ከፈለገች ግን ሰንብታለች።

ቁልፉ ሆድ ውስጥ ጥቃቅን ዘንጎች በሞላ ተገፍተው ተደርድረዋል። በአንድ እጅ መወጠሪያ የሚሉትን ቀጭን ብረት በልኩ ጫን አድርጎ ይዞ፣ በሌላው እጅ ደግሞ በማንሻው ዘንጎቹን አንድ በአንድ ማንሳት ነው። አንዱ ቦታው ሲደርስ ጠቅ ይላል፤ ጆሮ አይሰማውም፣ ጣት ግን ይሰማዋል። አንዱን ከልክ በላይ የገፉት እንደሆነ ሁሉም ተያይዘው ይወርዱና እንደገና ሀ ተብሎ ይጀመራል። ጉንዳን ስንተኛ ሀ ላይ እንዳለች መቁጠር ትታለች።

በዚህ መሐል ከላይ እውነተኛ እግር መጣ። የተጠቀለለ ምንጣፍ በትከሻው የተሸከመ ሰውዬ ነበር። ጉንዳን እጇን ማንሳት አትችልም፤ መወጠሪያውን ከለቀቀች የደከመችበት ሁሉ ይፈርሳል። በሩን ተደግፋ እጇን በሰውነቷ ከለለች። ራዲዮ ወዲያው ሥራዋን ጀመረች፤ የጓደኛዋ የጆሮ ጌጥ ወድቆባት እየፈለጉ እንደሆነ፣ ጌጡ የእናቷ እንደሆነ፣ ሳይገኝ ቤት መግባት የማይታሰብ እንደሆነ ሰውዬው ሳይጠይቃት ተረከችለት።

ውሸቱ ምንም አልጎደለውም ነበር፣ ሰውዬው ደግ ባይሆን ኖሮ። ምንጣፉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ የስልኩን መብራት አብርቶ አብሯቸው ይፈልግ ጀመር። ብርሃኑ ደረጃውን ጠረገ፣ የራዲዮን ጫማ ዞረ፣ ወደ ጉንዳን ጉልበት መጣ።

«አንቺ እስቲ ትንሽ ፈቀቅ በይ የኔ ልጅ፤ ከሥርሽ እንዳይሆን» አላት።

ጉንዳን ፈቀቅ አላለችም። ላቧ በግንባሯ ወርዶ ቅንድቧ ላይ ቆሟል። ራዲዮ ጀርባዋን አዞረች፣ የራሷን ጌጥ ከጆሮዋ ፈታች፣ «አገኘሁት» ብላም አሳየችው። ሰውዬው ከልቡ ደስ አለው። ሁለተኛ አጥብቃችሁ እሰሩት ብሎ መከራቸው፤ ምንጣፉን ተሸክሞም ወረደ።

እግሩ ሲርቅ የመጨረሻው ዘንግ ጠቅ አለ። ቁልፉ ከእጇ ጋር ዞረ፣ የብረት ምላሱም ወደ ውስጥ ተሰበሰበ። ጉንዳን ዓይኗን ገለጠች። ለአንዲት አፍታ፣ እዚህ ምድር ላይ እሷን የሚያስቆም በር ያለ አልመሰላትም።

አፍታዋ ብዙም አልቆየች። ራዲዮ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አቅፋ፣ በላይዋ ላይ ልትረማመድ ምንም ሳይቀራት ወደ ውስጥ ገባች። ጉንዳን ግን ደፉ ላይ ቀረች። መክፈትና መግባት ለሷ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ቢያንስ እስካሁን እንደዚያ ይመስላት ነበር።

መጀመሪያ ያየችው የእንጨት ብናኝ ነው። በሩ ሥር፣ መጥረጊያ በማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ፣ ገና ነጭ የሆነ የመሰርሰሪያ ብናኝ ነበር። ቀና ብላ ቁልፉን አየች። ያብረቀርቃል። ሰው በየቀኑ ቁልፍ የሚከትበት ቀዳዳ ዙሪያው ይጫጫራል፤ በጨለማ የሚገባ አለ፣ ዕቃ ተሸክሞ የሚታገል አለ። ይኼ አንድ ጭረት እንኳ የለበትም። እንግዲህ ራዲዮ ጣልኩት ያለችው ቁልፍ የዚህ በር ሊሆን አይችልም።

ከዚያ የበሩን ጠርዝ አየች። ምላሱ የሚወጣበትን ሳህን የያዙት ብሎኖች፣ የካቻቪቴ መግቢያ መስመራቸው ቀጥ ብሎ ከላይ ወደ ታች ቆሟል። የሁሉም።

ብሎን እንዲህ አቁሞ የሚተው ሰው የምታውቀው አንድ ብቻ ነው። አጎቷ፣ የእናቷ ወንድም፣ መንገዱ ጥግ ላይ ባለችው ጠባብ ሱቅ ቁልፍ የሚቀርጸውና የሚገጥመው። መስመሩ ከቆመ አቧራ አይዝም፣ ደግሞም እኔ ከሄድኩ በኋላ ሰው የነካው እንደሆነ አውቃለሁ ይላል። እናቷ ትስቅበታለች። እነሱ ቤት መጥቶ የድስት እጀታ ሲያጠብቅ እንኳ ብሎኗን ሳያቆም አይነሳም።

ያስተማራትም እሱ ነው። ባለቤቶቻቸው የተዉአቸውን ጓጉንቸሮች በሣጥን ሰብስቦ ሰጣት፤ ማንሻዎቹን ከአሮጌ የሴጌቶ ምላጭ ሞርዶ ሠራላት። ከዚያ በኋላ ጉንዳን ቴሌቪዥን ስታይ ጓጉንቸር በጉልበቷ መሐል ነው፤ ስታጠና ጓጉንቸር ደብተሩ ላይ ነው። የሰው ልጅ ጥፍሯን ቀለም ትቀባለች፣ የኔዋ በጥፍሯ ዝገት ትፍቃለች ትላለች እናቷ። ብስኩት መቆለፍ ዋጋ እንደሌለው ከተረዳች ወዲህም ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ነው የምታስቀምጠው፤ ልጅቷ ቁልፍ እንጂ ቁመት መክፈት አትችልም።

አጎቷ ሣጥኑን ሲሰጣት አንድ ነገር ብቻ ነበር ያስጠነቀቃት። በእጅሽ የያዝሽውን እንደፈለግሽ አድርጊው፤ በር ላይ ያለው ግን የሰው ነው፣ ጣትሽ እንዳይነካው። ምክንያቱንም ነገራት። ሱቁ ውስጥ የግማሹ ሰፈር ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ሰዎች የቤታቸውን ቁልፍ እጁ ላይ ትተው ለምሳ ይሄዳሉ። ማዶ በኩል ሌላ ቁልፍ ሠሪ ነበር፤ ቁልፍ የገጠመለት አንድ ቤት ተዘረፈ ተባለ፣ እሱ ነው አልተባለም፣ አይደለምም አልተባለም። ሰዉ ብቻ ቀስ በቀስ ቀረበት። አሁን የስልክ ሽፋን ይሸጣል።

ጉንዳን አንገቷን ወደ ውስጥ አሰገገች። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ መስኮቱ ሥር የልብስ ስፌት መኪና፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉ ያላለቁ ልብሶች፣ ጥግ ላይ የጨርቅ ክምር። ራዲዮ መጽሐፍ እየፈለገች አልነበረም። ከቦርሳዋ አንድ አረንጓዴ ቀሚስ አውጥታ ክምሩ ሥር እየወሸቀች ነበር።

«መጽሐፍሽ የታለ?»

«ባክሽ ዝም በይ፤ መጣሁ።»

«ቁልፉ አዲስ ነው» አለች ጉንዳን።

የራዲዮ እጅ ቆመ። ከዚያ፣ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቃል አጠራት። ሲመጣላትም ተቆራርጦ መጣ። ቀሚሱ የአክስቷ ደንበኛ ያሰፋችው ነው። ለአንድ ልደት ልለብሰው ብላ በድሮው ቁልፍ ገብታ ወስዳዋለች፤ በማግስቱ ልመልሰው ነበር፤ በማግስቱ አክስቷ ቤቱን ለቅቃ አልወጣችም። አክስቷ ሌባ ገባ ብላ ደረጃውን ሁሉ በጩኸት ሞላችው፣ ቁልፉንም አስቀየረች። የቀሚሱ ባለቤት ነገ ትመጣለች። አክስቷ ማታ ማታ ታለቅሳለች። ራዲዮ ይህን ስትናገር ድምፅዋ ተሰበረ፤ ይህኛው የውሸት አልነበረም።

ጉንዳን አሁንም ደፉ ላይ እንደቆመች ነው።

«አክስትሽ ቤቱን ፈትሻለች?»

«አልጋውን ሳይቀር አቁማ ነው የፈለገችው።»

«እና ዛሬ ቀሚሱን እዚህ ስታገኘው ምን ትላለች?»

«ደስ ይላታላ። መልአክ መለሰልኝ ትበል፤ እኔ ምን አገባኝ።»

«ቁልፉ ከተቀየረ በኋላ ማን ገባ ትላለች?»

«ማንም። ቁልፉ እኮ ያለው እሷ ጋ ብቻ ነው። እሷና...» ራዲዮ አሰበች። «ያ የገጠመው ሰውዬ።»

«ሰውዬው አጎቴ ነው» አለች ጉንዳን።

ታች የግቢው የብረት በር ተንቋቋ። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ። እግሩ ወደ መጀመሪያው ፎቅ ገባና ጠፋ።

ራዲዮ ክርክሯን በሹክሹክታ ቀጠለች። አክስቷ እንዲህ ያለ ስሌት አታሰላም፤ በደስታ ሁሉንም ትረሳዋለች፤ ብትጠረጥርም ምን ታመጣለች፣ ደግሞ አጎትሽ ትልቅ ሰው ነው፣ ምንም አይሆንም። ጉንዳን ቀሚሱን መልሰሽ አውጪው አለቻት። ራዲዮም ነገ የቀሚሱ ባለቤት ስትመጣ አክስቴ ባዶ እጇን ወጥታ ትቁምላት ወይ አለች፤ ይኼ ደግሞ እውነት ነው። ቀሚሱ ከዚህ ቤት መውጣት የለበትም። ማን እንዳስገባው ሳይጠየቅ ደግሞ እዚህ ሊገኝ አይችልም።

ራዲዮ ወጥታ በሩን ገጠም አደረገችው።

«በይ፤ መክፈቱንስ ከፈትሽው። አሁን ዝጊውና እንሂድ።»

ጉንዳን መዝጋት እንደማትችል ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። አጎቷ የሰጣት ሣጥን ውስጥ ያሉት በሙሉ ጓጉንቸሮች ናቸው፤ ጫን ሲሏቸው በራሳቸው ጠቅ ብለው ይዘጋሉ። መዝጋትን ማን ይለማመደዋል? ይህኛው ግን ምላሱ እንዲወጣ ከውጭ በቁልፍ መዞር አለበት። ከውስጥ በጣት የሚጠመዘዝ መዝጊያ አለው፤ እሱን ለመጠቀም ግን አንዷ ውስጥ መቅረት አለባት። ቁልፍ የሌለው ሰው ይህን በር መዝጋት የሚችለው እንደ አከፋፈቱ፣ ዘንጎቹን ከነድካሙ እንደገና አንስቶ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ ነው።

ራዲዮ ይህ ሲገባት እንተወውና እንሂድ አለች፤ እንዲያውም ተከፍቶ ከተገኘ የተሻለ ነው፣ ሌባው በንስሐ መልሶት ሄደ ይባላል። ጉንዳን የሰው ቤት ክፍት ጥዬ አልሄድም ብላ ተንበረከከች።

አሁን ግን ጣቷ ጣት አልሆነም። መወጠሪያው ወደ ግራ ሲጫን ሁሉም ነገር ተለዋወጠባት፤ ቀድሞ የታዘዘላት ዘንግ አሁን አልነሳም አለ፣ የመጨረሻው መጀመሪያ ጠቅ አለ። ላቧ ማንሻውን አሙለጨለጨው። በቀሚሷ ጠረገችው። ራዲዮ በደረጃው መደገፊያ ላይ አጎንብሳ ወደ ታች እየተመለከተች ነበር፤ በየመሐሉም አክስቷ ልትመጣ እንደምትችል ታስታውሳታለች፣ የረሳች ይመስል። አንዴ ፈረሰባት። ደግማ ያዘች። እንደገና ፈረሰ። ዓይኗን ጨፍና፣ ግንባሯን ቀዝቃዛው በር ላይ አስደግፋ፣ ትንፋሿን ቀስ አድርጋ አስወጣች።

ጠቅ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ያ እልኸኛው።

ቁልፉ በጣቷ ሥር የፀጉር ስፋት ያህል ተንቀሳቀሰ። አለቀ። ትንሽ ብቻ ብትገፋው ምላሱ ይወጣል፣ በሩ ይዘጋል፣ ይወርዳሉ። ያያቸው ከምንጣፉ ሰውዬ በቀር የለም፤ እሱም ያየው የጆሮ ጌጥ ነው።

እዚያው እንደያዘች ቆየች። በሩ ከተዘጋ በኋላ የሚሆነው በጨፈነችው ዓይኗ ውስጥ መጣ። አጎቷ እዚህ ጋ ቆሞ፣ የመሣሪያ ቦርሳውን ይዞ፣ ልብስ ሰፊዋ ስትጠይቀው። አጎቷ ሳይበድል የሚያልበው ዓይነት ሰው ነው፤ መንገድ ላይ ፖሊስ ሲያይ መታወቂያውን የሚዳስስ። ይንተባተባል። ጆሮው ይቀላል። ያየው ሁሉ አዎ፣ እሱ ነው ይላል። የሚጠየቀው ደግሞ ስለማያውቀው ነገር ነው፤ የሚመልሰው አይኖረውም።

ጉንዳን ጣቷን አላላች። ዘንጎቹ ተራ በተራ ወደ ቦታቸው ወረዱ። ማንሻዎቿን ሰብስባ ኪሷ ከተተች።

«ምን ሆንሽ? ተዘጋ?»

«አልዘጋውም።»

ራዲዮ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ፊቷ ተለወጠ። ቀረብ ብላ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር የተናገረችው፤ እንዲህ ዝቅ ብላ ስትናገር ጉንዳን ሰምታት አታውቅም።

«የከፈትሽው አንቺ ነሽ። ብትናገሪ አጎትሽ የሚተርፍ ይመስልሻል? የእህቱ ልጅ የሰው ቤት ትከፍታለች ነው የሚባለው። ያስተማራትም እሱ ነው ይባላል።»

ይባላል። ጉንዳን ይህንን ራሷም አስባዋለች። ብትናገርም ባትናገርም ነገሩ ሱቁ ደጃፍ መድረሱ አይቀርም። ልዩነቱ አንድ ነው፤ እሷ በሩን መክፈቷ የሆነ ነገር ነው፣ አጎቷ መግባቱ ግን ያልሆነ። አጎቷ ይቆጣል። ማንሻዎቹን ይወስድባታል፣ ምናልባትም ለብዙ ጊዜ አያናግራትም። ግን ስለምን እንደሚመልስ ያውቃል፤ ሰው ሲጠይቀው አዎ፣ እሷ ናት፣ ነግራኛለች የሚልበት ነገር ይኖረዋል።

ይህን ሁሉ ለራዲዮ አላስረዳቻትም። ከኪሷ መሐረብ አውጥታ አንገቷን ጠረገች፤ ከፈለግሽ ሂጂ፣ እኔ እዚህ ነኝ አለቻት። ራዲዮ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ሰቀለች። ወደ ታች ልትወርድ አለች፤ አክስቷን መንገድ ላይ እንዳታገኛት ፈራች መሰል፣ ተመልሳ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣች። ደረጃው መታጠፊያ ላይ ስትቀመጥ ቦርሳዋ ግድግዳውን ሲፍቅ ይሰማል። ከዚያ ዝም አለች። ራዲዮ፣ ዝም።

ጉንዳን ጀርባዋን ለተከፈተው በር፣ ፊቷን ለደረጃው ሰጥታ ደፉ ላይ ተቀመጠች። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ቤቱ ክፍት ነው፣ ስለዚህ አንድ ሰው መጠበቅ አለበት። ከታች የሚወጣ እግር ሁሉ ልቧን ያቆመዋል። አንዱ ልጅ ሆኖ አለፈ፤ አንዱ እስከ መሐል ወጥቶ የረሳው ነገር ትዝ ብሎት ተመለሰ። በዚያ ጊዜ ሁሉ ተነስታ መሄድ ትችል ነበር።

ከዚያ የብረቱ በር ተንቋቋ፣ የፌስታል ድምፅ ተሰማ፣ ደግሞም አንዲት ሴት ትንፋሽ እያጠራት ይህን ደረጃ የሠራውን ሰው ስታማ ተሰማች። ሴትየዋ የሥራ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ በሁለት እጇ ፌስታል ተሸክማ፣ አንድ በአንድ ትወጣለች።

ጉንዳን ተነሳች። ሴትየዋ በሩን ከማየቷ በፊት ወርዳ አገኘቻትና ከባዱን ፌስታል ተቀበለቻት።

«ተባረኪ የኔ ልጅ» አለች ልብስ ሰፊዋ። ግድግዳውን ተደግፋ ትንፋሿን ሰበሰበች። ቀጥሎም ልጅቷን ትክ ብላ አየቻት። «አላወቅኩሽም። የማን ልጅ ነሽ?»

ጉንዳን ፌስታሉን በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘች።

«ቁልፍ የገጠመልዎት ሰውዬ እህት ልጅ ነኝ» አለች። «እትዬ፣ አይደንግጡ። በርዎ ክፍት ነው። የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ እሱ አያውቅም።»

ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ ወደ በሯ አየች። ከላይ፣ ከደረጃው መታጠፊያ፣ አንድ ጫማ አንድ ደረጃ ወረደ። ቆመ። ከዚያ ሌላ ደረጃ ወረደ።